ፍቺው ችሎት ከደረሰ

ልጆቼ፣ ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ነውና ከሥሩ ልጀምር። ዱሮ በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልና ሚስትን የሚያፋታው የቤተዘመድ ሽማግሌ ነበር። የፌዴራሉ የቤተሰብ ሕግ በ1992 ሲወጣ፣ ኦሮሚያም በ1995 በአዋጅ ቁጥር 69 የራሷን ስታወጣ፣ ማፋታት የፍርድ ቤት ሥልጣን ሆነ። ለእኛ ለሽማግሌዎች የቀረልን ማስታረቁ ነው። አንዳንዱ ሽማግሌ ይህን አልሰማም መሰለኝ፤ ዛሬም ቡናውን እየጠጣ ያፋታል፣ ንብረትም ያካፍላል።

በአዳማም ሆነ በሞጆ፣ በመቂም ሆነ በባቱ ፋይል ስትከፍቱ ዳኛው አስቀድሞ «ታረቁ» ይላችኋል። ራሱ ያነጋግራችኋል፤ ወይም ወደ መረጣችኋቸው ሽማግሌዎች ይመራችኋል። በፌዴራሉ ሕግ እስከ ሦስት ወር የማሰላሰያ ጊዜ ሊሰጥ ይችላል። ይህችን ጊዜ አትናቋት፤ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች። እርቁ ካልሰመረ ግን ፍቺው መወሰኑ አይቀርም፤ «አልፈታትም» ብሎ እግርን መትከል አያስቀረውም። ለተበደለ ካሣ የሚፈረድበት ጊዜ ቢኖርም፣ ዳኛው የተቀመጠው የዓመታት ቂማችሁን ሊቆጥርላችሁ አይደለም። ላለፈ ክረምት ቤት አይሠራም።

ክርክሩ የሚከርረው ንብረቱ ላይ ነው። «ካርታው በስሜ፣ ሊብሬውም በስሜ» ይላል ባል። ሕጉ ግን በአንዱ ስም ቢመዘገብም የተጋቢዎቹን ንብረት የጋራ ነው ብሎ ይነሣል፤ «የግሌ ነው» ባይ ራሱ ያስረዳ። ቤቱን ከጋብቻ በፊት ገዝቶት ከሆነ የሽያጭ ውሉን፣ ወርሶት ከሆነ የወራሽነት ማስረጃውን ይዞ ይቅረብ። ደመወዝ ሳታመጣ ጓዳ ስታሞቅ የኖረችዋም «ምን ሠራሽና» አትባልም፤ ከጋራው ድርሻዋ እኩሌታ ነው። ለሁለት የማይከፈለውን ቤት አንዱ ወስዶ ለሌላው ግምቱን ይከፍላል፤ ካልሆነ ሸጠው ይካፈላሉ፤ በሽያጩም ካልተስማሙ ሐራጅ ይወጣል። በይግባኝ ላይ ይግባኝ እየተባለ የሚሰነብት ንብረት ደግሞ ተነቅሎ ማሳ ላይ እንደቀረ የመቂ ሽንኩርት ነው፤ ገዢ እስኪመጣ ግማሹ በስብሶ ይጠብቃል።

ልጆቹን በተመለከተ ዳኛው የሚያየው ማን ጋር ቢያድጉ እንደሚበጃቸው ነው። ስለዚህ ልጁን «አባትህ እንዲህ አደረገኝ» እያላችሁ ለምስክርነት አታሰልጥኑት። ይልቅ ፋይሉ እንደተከፈተ፣ ፍርዱን ሳትጠብቁ፣ የልጆቹን ቀለብ ማን እንደሚሰጥና ንብረቱን ማን እንደሚያስተዳድር ጊዜያዊ ትእዛዝ ጠይቁ። ይህን ሳይጠይቁ የቆዩ ሰዎች ፍርዱን ይዘው ሲመለሱ ሱቁን ባዶ፣ ባጃጁንም ተሸጦ ያገኙታል።