ካሜራ ለያዝከው ልጄ

ልጄ፣ ባለፈው እሁድ ከዚራ ሰፈር ዛፎቹ ጥላ ሥር ተቀምጠን ሻይ ስንጠጣ፣ «አንተ፣ ፎቶግራፍን እንዴት ወደድከው?» ብለህ ጠይቀኸኝ ነበር። የድሬዳዋ ልጅ ነህና እንደ አገራችን ልማድ «አንተ» ስትለኝ ልቤ ሞቀ። መልሱን እነሆ።

ስጀምር ሥራው እንጀራዬ ነበር። ፎቶ ቤት ተቀጥሬ ጉርድ ፎቶ አጥብ ነበር። የፊልም ማጠቢያው 20 ዲግሪ ያህል ሙቀት ነው የሚፈልገው፤ የድሬን ፀሐይ ደግሞ ታውቃታለህ። ኬሚካሉ ሲግል ፊልሙ ቶሎ ይጠቁራል፤ ላዩም ይለሰልስና ጥፍር ሲነካው ይላጣል። ስለዚህ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ተነሥቼ፣ ሳፋ ውስጥ በረዶ አድርጌ እሠራ ነበር። አንድ ሌሊት በቀዩ መብራት የአንዲት አሮጊት ፊት ከነጩ ወረቀት ላይ ብቅ አለ። መጀመሪያ ዓይኖቿ፣ ቀጥሎ የግንባሯ መስመሮች፣ በመጨረሻ ሻሿ። ትንፋሼን ይዤ ቀረሁ። ፍቅሩ ያን ሌሊት ጀመረኝ።

ሥር የሰደደው ግን በ1998 ዓ.ም. ክረምት ነው። የደቻቱ ወንዝ በሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ፈጀ። ከቀናት በኋላ አንዲት እናት መጥታ «የልጄ ፎቶ አንተ ዘንድ ይኖር ይሆን?» አለችኝ። ቤቷ ከነአልበሙ ተወስዷል። ኔጋቲቮቹ ስም አልተጻፈባቸውም ነበርና ሦስት ቀን ሙሉ አንድ በአንድ በመስኮት ብርሃን ሳይ ሰነበትኩ። የልጁን የትምህርት ቤት ጉርድ አገኘሁት። አትሜ ስሰጣት ደረቷ ላይ ለጥፋው ወጣች። ያኔ የሙያዬ ክብደት ገባኝ።

ስለዚህ ፍቅሩ እስኪመጣ ቁጭ ብለህ አትጠብቅ፤ ሥራ፣ እየሠራህ ይመጣል። መንገዱም አንድ ብቻ አይደለም። ፎቶግራፍ አንሺው ሚካኤል ፀጋዬ አዲስ አበባ ሥዕል ተምሮ፣ የዘይት ቀለም አለርጂ ሲሆንበት ነው ፊቱን ወደ ካሜራ ያዞረው፤ ዛሬ ሥራውን ዓለም ያውቀዋል።

አንድ ቦታ ምረጥና አጥብቀህ ያዝ። ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. ደርሶ ከተማችንን የወለደበትን ለገሃር ወር ሙሉ ጠዋት ጠዋት ሂድበት። በሠላሳኛው ቀን የምታየው ከመጀመሪያው ይለያል። ቀፊራ ገበያ ስትገባ ካሜራህን ከማውጣትህ በፊት ሰላምታ ስጥ፤ በኦሮምኛም በሶማሊኛም ሰላም ማለት ልመድ። ፈቃድ ጠይቅ፤ እምቢ ካሉህ አመስግነህ እለፍ። በቀትር ብርሃኑ የሰውን ዓይን ጥላ ውስጥ ይደብቀዋልና ሰዉን ጥላው ጫፍ ላይ አቁመው። ያነሣኸውን አሳትመህ ለባለቤቱ መልስለት። ለዚህ ሁሉ የስልክህ ካሜራ ይበቃሃል።

ከሁሉም በላይ፣ በእያንዳንዱ ፎቶ ላይ ስምና ቀን ጻፍ። ማን ፈልጎት እንደሚመጣ አታውቅም።

የእኔ ኔጋቲቮች አሁንም በካርቶን ናቸው፤ ብዙዎቹ ስም የላቸውም። በመጪው ቅዳሜ ጠዋት ና፤ እኔ ፊቶቹን ሳስታውስ አንተ ትጽፋለህ። ዓይንህን ያብራልህ፣ እጅህን ያጽናልህ።