የባሕር ሸረሪትና የአባት ሸክም

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

አባቶቻችን ሥነ ፍጥረትን ሲያስተምሩ፣ በዕለተ ሐሙስ ከባሕር የተገኙትን ፍጥረታት በልብ የሚሳቡ፣ በእግር የሚሽከረከሩ፣ በክንፍ የሚበሩ ብለው በሦስት ይከፍሏቸዋል። በእግር ከሚሽከረከሩት አንዱ የተፈጥሮ ሊቃውንት የባሕር ሸረሪት የሚሉት ነው። በመልኩ ሸረሪትን ይመስላል እንጂ በቤታችን ግድግዳ ከሚያደራው ሸረሪት ወገን አይደለም፤ ድርም የለውም።

እስከ ዛሬ ከ1300 የሚበልጡ ዓይነቶቹ ታውቀዋል። የሚበዙት 8 እግሮች አሏቸው፤ 10 እና 12 ያላቸውም ይገኛሉ። ብዙዎቹ እጅግ ትንንሾች ሲሆኑ፣ በደቡብ ዋልታ በረዷማ ባሕር ግን እግሩ ሲዘረጋ እስከ 70 ሳንቲ ሜትር የሚደርስ አለ። አካሉ ቀጭን ስለ ሆነ አንጀቱ እስከ እግሮቹ ውስጥ ይዘልቃል። ሳንባም ስንጥብም የለውም፤ እስትንፋሱን በቆዳው በኩል ከውኃው ይስባል።

ይልቁንም የሚያስደንቀው የልጆቹ አጠባበቅ ነው። እንቁላሉን የምታወጣው እንስቷ ናት፤ በብዙዎቹ ዓይነቶች ዘንድ ግን የሚሸከመው ተባዕቱ ነው። ከመራመጃ እግሮቹ የተለዩ ሁለት ትንንሽ እግሮች ተሰጥተውታልና፣ እንቁላሎቹን ከገዛ አካሉ በሚወጣ ሙጫ አጣብቆ፣ እስኪፈለፈሉ ድረስ በሄደበት ሁሉ ይዟቸው ይሄዳል።

ይህ ነገር ባሕር ለሌላት ለጋምቤላ ምን ይጠቅማታል የሚል ቢኖር፣ የባሮን ጉዞ ይመልከት። ባሮ በጋምቤላ ከተማ አልፎ ከፒቦር ጋር ሲገናኝ ሶባት ይባላል፤ ሶባትም ከነጭ ዓባይ ገብቶ፣ ዓባይም ወደ ሜዲትራኒያን ባሕር ይወርዳል። የባሕር ሸረሪት በዚያ ባሕር ይኖራል። ውኃው ወደ ታች ከወረደ፣ ትምህርቱ ወደ ላይ ይውጣ።

በጋምቤላ የሚሸከማቸው ያጡ ልጆች አሉና። በታኅሣሥ 2006 ዓ.ም. በደቡብ ሱዳን ጦርነት ከተነሣ ወዲህ፣ ብዙ ሕፃናት ከእናቶቻቸው ጋር ብቻ፣ አንዳንዶቹም ያለ ወላጅ ድንበሩን ተሻግረው በኩሌ፣ በቴርኪዲና በጀዊ ተጠልለዋል። በሚያዝያ 2008 ዓ.ም. ደግሞ ከድንበር ማዶ በመጡ ታጣቂዎች በኑዌር ዞን ከ200 የሚበልጡ ሰዎች ተገድለው፣ ከ100 የሚበልጡ ሕፃናት ተወስደው ነበር። ብዙዎቹ ቢመለሱም፣ ወላጆቻቸውን በሕይወት ያላገኙ ነበሩ።

«እኛ አልወለድናቸውም» የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፤ የባሕር ሸረሪትም የሚሸከመው የራሱን ዘር ነው። ስለዚህ የወለደውን ጥሎ የሄደ አባት በዚህ ደካማ ፍጥረት ይወቀሳል። ክርስቲያን ግን ከዚህ ሊያልፍ ይገባዋል። አረጋዊው ዮሴፍ ያልወለደውን ሕፃን ከእናቱ ጋር ይዞ ወደ ግብፅ ተሰዷልና። ቤተ ክርስቲያናችን ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ቀን ያን ስደት ስታስብ፣ ሕፃን ይዘው ድንበር የሚሻገሩትን ሁሉ ታሳስበናለች።

የክርስትና አባትነትም ይኸው ነው። ወንዱ በ40፣ ሴቷ በ80 ቀን ስትጠመቅ ሕፃኑን ከካህኑ እጅ የምንቀበለው ለአንድ ቀን ግብዣ አይደለም። እንግዲህ ካህናት ሆይ፣ የነፍስ ልጆቻችሁን ስትጎበኙ ስለ ጾማቸውና ስለ ጸሎታቸው ብቻ ሳይሆን፣ የክርስትና ልጃቸው ታሞ እንደ ሆነ፣ ትምህርት ቤት ገብቶ እንደ ሆነ ጠይቋቸው። ምእመናንም፣ በደጃችሁ የቆመውን የስደተኛ ልጅ ቋንቋውንና ነገዱን ሳትመረምሩ እንጀራ ስጡት፣ ስሙንም ጠይቁት፤ በስሙ የሚጠራው ሰው ያገኘ ልጅ ብቻውን አይደለምና።

የባሕር ሸረሪት ሸክሙን የሚሸከመው ተፈጥሮው አስገድዶት ነው። ለእኛ ግን ፈቃድ ተሰጥቶናል፤ ፈቃድ የተሰጠው ደግሞ ይጠየቅበታል። ሕፃናቱን በፈቃዳችን የምንሸከምበትን ጉልበት አምላካችን ያድለን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።