ጠባቡ ደረጃ

ደረጃ ሁሉ ለመውጣትና ለመውረድ የተሠራ ነው። ነገር ግን በአሮጌ ወህኒ ቤት ውስጥ የሚገኝ ጠባብ ደረጃ፥ እስረኛው ካለፈና ቁልፉ ከዛገ ከብዙ ዘመን በኋላ እንኳ፥ በጐብኚው ልብ ጭንቀት ሳያሳድር አይቀርም። ይህ ጭንቀት ከምን ይመጣል? ከጨለማው ነው እንዳንል ጓዳችንም ይጨልማል፤ ከጥበቱ ነው እንዳንል የደወል ቤት ደረጃም ጠባብ ነው፤ ያን ስንወጣ ግን ልባችን አይሸበርም። እንግዲህ ምክንያቱን ከድንጋዩ ሳይሆን ደረጃውን ካሠራው ሰው አሳብ መፈለግ ይገባናል።

ለዚህ በኢጣልያ አገር በቬኒስ ከተማ የሚገኘው የዶጆች ቤተ መንግሥት ጥሩ ምሳሌ ነው። ዶጅ የሚባለው የቀድሞው የቬኒስ ሪፑብሊክ መሪ ነበር። በዚህ ቤተ መንግሥት ሁለት ዐይነት ደረጃ አለ። አንደኛው ለክብር የተሠራ ነው፤ አዲስ የተመረጠው ዶጅ ዘውድ ይጭንበት የነበረው የግዙፋን ደረጃ፥ እንዲሁም እ.ኤ.አ. በ1559 የተፈጸመው፥ ጣራው በወርቅ ያጌጠው የወርቅ ደረጃ። ሁለተኛው በትንሽ በር የሚገቡበት ጠባብ ደረጃ ነው። ይኸውም ከታች ‹‹ጕድጓዶች›› ከተባሉት እርጥብ የእስር ክፍሎች አካባቢ ተነሥቶ፥ በምስጢር ጸሐፊዎች ቢሮ አልፎ፥ ‹‹እርሳሶች›› ወደሚባሉት፥ ከእርሳሱ ጣራ ሥር ወዳሉት ክፍሎች ይመራል።

በሰፊ ደረጃ ላይ ወጪና ወራጅ ይተያያሉ፤ ሰላምታም ይለዋወጣሉ፤ ያዘነ ቢኖር ምን ሆንህ የሚለው አያጣም። በጠባቡ ደረጃ የሚያልፍ ሰው ግን ጠባቂ እንጂ ምስክር የለውም። ጭንቀቱ የሚመነጨው ከዚህ ይመስለኛል።

ጃኮሞ ካዛኖቫ የተባለው ደራሲ እ.ኤ.አ. በ1755 ተይዞ ከእርሳሱ ጣራ ሥር ታሰረ። አምስት ዓመት ተፈርዶበት ሳለ ፍርዱን የነገረው አልነበረም። በሚቀጥለው ዓመት ጣራውን ሰብሮ አመለጠ፤ ራሱ እንደ ጻፈውም ከግቢው የወጣው በግዙፋን ደረጃ ወርዶ ነው። ካዛኖቫ በጠባዩ የሚመሰገን ሰው አልነበረም፤ ምናልባትም ቅጣት ይገባው ይሆናል። ጥያቄው ግን ይህ አይደለም። አባቶቻችን ‹‹በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ ታሳዝነኛለች›› ያሉት፥ ሰውን ከጉዳቱ ብዛት ይልቅ የጉዳቱን ምክንያት አለማወቅ እንደሚያቈስለው ስለ ተረዱ ነው።

መንግሥት ምስጢር ያስፈልገዋል የሚል ተከራካሪ ይኖራል፤ እውነትም ነው። የቬኒስ የዐሥሩ ሸንጎ እ.ኤ.አ. በ1310 የተቋቋመው በሪፑብሊኩ ላይ የተነሣ ሤራ ከከሸፈ በኋላ፥ ለአገር ደኅንነት ተብሎ ነበር። የተቋቋመውም ለጥቂት ጊዜ ብቻ ነው። ዳሩ ግን ሪፑብሊኩ እ.ኤ.አ. በ1797 እስኪወድቅ ድረስ ከአራት መቶ ሰማንያ ዓመት በላይ ቆየ። ለአንድ ቀን አደጋ የተሠራ ጠባብ ደረጃ የዘወትር መንገድ ሆኖ ቀረ ማለት ነው። ምስጢር ጠላትን ለመከላከል ቢጠቅም፥ ተከሳሹ ራሱ የተከሰሰበትን እንዳያውቅ ሲደረግ ግን የሚከላከለው ለዳኛው ብቻ ነው።

ይህ ነገር ለዳኞችና ለወህኒ ቤት ሹሞች ብቻ የተነገረ አይምሰለን። ባለጉዳይን ምክንያቱን ሳይገልጽለት ‹‹ነገ ተመለስ›› እያለ የሚያመላልስ ጸሐፊ፥ ተማሪውን ጥፋቱን ሳይነግር የሚቀጣ መምህር፥ እነርሱም በቢሯቸውና በክፍላቸው ያንኑ ጠባብ ደረጃ ይሠራሉ። በአገራችን በደል የደረሰበት ሰው በአደባባይ ‹‹በሕግ አምላክ!›› ሲል ባላጋራው ባለበት እንዲቆም ግድ ይለው የነበረው፥ ቃሉ መንገደኛ ሁሉ እየሰማ የሚነገር በመሆኑ ጭምር ነው። ስለዚህ በሰው ጉዳይ ላይ ፊርማውን የሚያኖር ሁሉ፥ ወረቀቱን ከመላኩ አስቀድሞ አንድ ነገር ራሱን ይጠይቅ፤ ይህን ውሳኔ ባለጉዳዩ ፊት ለፊቴ ቆሞ፥ ሌላ ሰውም እየሰማ፥ ከነምክንያቱ ልነግረው እደፍራለሁን?