የእጅ ዕውቀት በቤተ መጻሕፍት
በቤተ መጻሕፍት ለታዳጊዎች የሚሰናዳ የእጅ ሥራ መርሐ ግብር፣ ምን ይሠራ ከሚለው አስቀድሞ፣ እጅ ያውቃልን የሚል ጥያቄ ያስነሣል። አርስቶትል «ቴክኔ»ን፣ ማለትም በእውነተኛ አመክንዮ የሚመራ የመሥራት ችሎታን፣ ከአእምሮ ብቃቶች አንዱ አድርጎ ቈጥሮታል፤ ኦሪት ዘጸአትም በምዕራፍ 31 ባስልኤል የተባለው የእጅ ባለሙያ በእግዚአብሔር መንፈስ የተሞላው በወርቅ፣ በብርና በናስ ይሠራ ዘንድ መሆኑን ይናገራል። በአማርኛ «ጥበብ» ማስተዋልንም የሸማኔውን ያማረ ጥለትም ይሰይማል፤ ቀጥቃጩና ሸክላ ሠሪዋ ግን «ጠይብ» እየተባሉ ለዘመናት መናቃቸው፣ እጅ ያውቃል የሚለውን እውነት እጅግ በሚያሳዝን ሁኔታ መካድ ነበር። እጅ የሚያውቅ ከሆነ ዘንድ፣ ለቤተ መጻሕፍት ከሁሉ የሚስማማው ሥራ የእጅን ዕውቀት ከመጽሐፍ ጋር የሚያገናኘው መጽሐፍ መጠረዝ ነው፤ ታዳጊው ወረቀት አጥፎ ጥራዝ ሲያበጅ፣ በሁለት የእንጨት ገበታዎች መካከል ሲሰፋውና ቆዳ ሲያለብሰው፣ የብራና መጻሕፍት ሠሪዎች ያውቁት የነበረውን በጣቶቹ ይማራል።