የሚያነክስ እግር ዳኛው ማን ነው?

ሥጋ ሲታመም መታገሥ የጽናት ምልክት እንደ ሆነ ከልጅነታችን ጀምሮ ስንማር ኖረናል። ይሁን እንጂ አንድ ሰው ስለ አገርም ስለ እንጀራም ሳይሆን፥ በገዛ ፈቃዱ በጀመረው ረጅም የተራራ ሩጫ መካከል እግሩ ቢታመምና ቢያነክስ፥ ሕመሙን ረግጦ ማለፉ ጽናት ይባላል ወይስ በራስ ላይ መጨከን? ይህን ጥያቄ በአንድ እውነተኛ ታሪክ ላይ አቁመን ልንመረምረው ወደድን።

በአሜሪካ በካሊፎርኒያ ከሴራ ኔቫዳ ተራሮች ተነሥቶ ወደ ኦበርን ከተማ የሚወርድ፥ 160 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው የተራራ መንገድ አለ። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ከ1955 ዓ.ም. ጀምሮ ፈረሰኞች ይህን መንገድ በ24 ሰዓት ለመፈጸም ይወዳደራሉ። ጎርዲ ኤንስሊ የተባለው ፈረሰኛ በ1973 ሲወዳደር ፈረሱ በ29ኛው ማይል ላይ አነከሰበትና ከውድድሩ ወጣ። በማግሥቱ ዓመት ግን ያለ ፈረስ በእግሩ ከፈረሰኞቹ ጋር ተነሣ፤ በዚያ አገር የበጋ ሐሩር ሮጦም በ23 ሰዓት ከ42 ደቂቃ ኦበርን ገባ። ዛሬ በየዓመቱ በሰኔ ወር ብዙዎች የሚሮጡት የእግር ውድድር መነሻው ይህ ነው።

በፈረሶቹ ውድድር የእንስሳት ሐኪሞች በየጣቢያው ቆመው የፈረሱን የልብ ምት ይቈጥራሉ፤ አስሮጠውም አረማመዱን ይመለከታሉ። ያነከሰ ፈረስ፥ ጋላቢው የቱንም ያህል ቢለምን፥ አይቀጥልም። እንዲያውም ቀድመው ከገቡት አሥር ፈረሶች መካከል ሰውነቱ ከሁሉ ይልቅ በደኅና ለተገኘው የሚሰጥ የተለየ ዋንጫ አለ። ፈረስ አፍ የለውምና ሌላ ይናገርለታል። በእግር በሚሮጠው ሰው ግን ጋላቢውም ፈረሱም አንድ ነው፤ ምስጋናው ለጋላቢው፥ ሕመሙ ለፈረሱ ይደርሳል። በእርሱም መንገድ ላይ ሐኪሞች አይታጡም፤ ነገር ግን የታመመ እግርን በጫማ ውስጥ መደበቅ ምን ያህል ቀላል እንደ ሆነ ሁላችንም እናውቃለን።

ሕመም ሁሉ አንድ አይደለም። ወንዝ ሲሻገር የራሰ እግር በጫማው ተፈትጎ ውኃ ሲቋጥር እንደ እሳት ያቃጥላል፤ ሆኖም የቈዳ ነገር ነውና በጥቂት ቀን ይሽራል፤ ይህን ፈርቶ መቀመጥ ስንፍና ቢባል አንቃወምም። የአጥንት ሕመም ግን በአንድ ስፍራ ይወጋል፤ በሄዱ ቍጥር ይብሳል፤ አረማመድንም ያጣምማል። በ1855 ብራይትሃውፕት የተባለ የፕሩስያ ጦር ሐኪም ብዙ በተጓዙ ወታደሮች እግር ላይ እብጠትና ሕመም አይቶ ጽፎ ነበር፤ ምክንያቱ የአጥንት መሰንጠቅ መሆኑ የታየው ግን ኤክስሬይ ከተገኘ በኋላ በ1897 ነው። እነዚያ ወታደሮች በተሰነጠቀ አጥንት ሲጓዙ ሕመማቸውን የሚያስረዱበት ምስክር አልነበራቸውም። የዛሬው ሯጭ ዕውቀቱ ሁሉ እያለው የገዛ እግሩን አይሰማም።

ሰው ራሱን ያዳምጥ ማለትም አይበቃም። ከ120 ኪሎ ሜትር በኋላ፥ ሌሊቱን ሳይተኛ፥ የሚፈርደው አእምሮ ራሱ ደክሟል። ከ24 ሰዓት በፊት ለሚገባ ደግሞ የብር የቀበቶ ዘለበት ይሰጠዋል፤ ዘለበቱን የሚመኝ ልብ ስለ እግሩ በቅንነት ይፈርዳል ብለን አናምንም።

ስለዚህ ሯጩ እግሩ ደኅና ሳለ፥ ገና ከመነሣቱ በፊት፥ በመንገድ ለሚቀበለው ወዳጁ «ተው ያልኸኝ ጊዜ እተዋለሁ» ብሎ ቃል ቢሰጥና ሲጠየቅም ጫማውን አውልቆ ቢያሳይ ተገቢ ይመስለናል። ለብዙዎች ይህ ከሩጫው ይከብዳል። ወዳጁም ሊሳሳት ይችላል፤ በቀላል ቍስል ምክንያት አንድ ዓመት ሙሉ የተደከመበት ነገር በመንገድ ይቀር ይሆናል። ይህን ኪሣራ ትንሽ ነው አንልም።