በወላጆች ጠብ መካከል ያሉ ሕፃናት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

ነሐሴ 13 ቀን በደብረ ታቦራችን ሕፃናት ጅራፍ እያጮኹ፣ ሆያ ሆዬ እያሉ ሙልሙል ይቀበላሉ። አባቱና እናቱ ሲጣሉ ሰምቶ ያደረ ልጅ ግን ከጓደኞቹ ተለይቶ ዝም ይላል። ሌላው ይማታል፤ ሌላው በመኝታው ይሸናል። ባልጎ አይደለም፤ ፈርቶ ነው። ብዙ ጊዜም ጠቡ በእርሱ ምክንያት የመጣ ይመስለዋል።

ይስሐቅ ለዔሳው፣ ርብቃ ለያዕቆብ ባደሉ ጊዜ (ዘፍ. 25፥28) መከፋፈሉ ወደ ልጆቹ ወረደ፤ ያዕቆብም ከወንድሙ ሸሽቶ ተሰደደ።

ስለዚህ እኛ ታላላቆቹ ለአንዱ ወላጅ ወግነን ጠቡን አናባብስ። ታናናሾቻችንን አቅፈን «ጥፋቱ የእናንተ አይደለም» እንበላቸው። ለንስሐ አባታችንም በጊዜ እንንገር፤ ሽማግሌም ይግባ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።