የጕድጓድ ዕዳ

ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር የሚወስደው አውራ ጎዳና እንጅባራ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው፣ ከመንገዱ ሁለት መቶ ሜትር ያህል ገባ ብሎ የዘንገና ሐይቅ ይገኛል። ቅርጹ ክብ፣ ስፋቱ ከዳር እስከ ዳር አንድ ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ጥልቀቱም 166 ሜትር ነው። መንገደኛው ጥላው ሥር አረፍ ብሎ ውበቱን ያደንቃል። ይሁን እንጂ ዘንገና በመሠረቱ ጕድጓድ ነው። የቀለጠ ዐለት ከከርሰ ምድር ውሃ ጋር ተገናኝቶ ሲፈነዳ መሬቱ ጐደጐደ፤ ውሃ ሞላው፤ ደን ከበበው። ዛሬ ጠባሳ ነው የሚለው የለም።

ወደዚህ ሐይቅ የሚያደርሱት ጎዳናዎች ግን ያለ ሌላ ዓይነት ጕድጓድ አይሠሩም። መንገድ ድንጋይ ይፈልጋል፤ ድንጋይም ከካባ ይወጣል። በቢሾፍቱ አካባቢ፣ የሆራንና የባቦጋያን ሐይቆች ያስገኘው የእሳተ ገሞራ ኃይል ያቆማቸው ኮረብቶች ለቀይ አሸዋ ሲባል ይናዳሉ። ሥራው ሲያልቅ መኪናው ይሄዳል፤ ጕድጓዱ ይቀራል። ክረምት ሲገባ ውሃ ያቁራል፤ ሊዋኝ የገባ ሕፃን የማይመለስበት ጊዜ አለ።

እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው፤ የዘንገናን ጕድጓድ ጊዜ ከፈወሰው፣ ሰው የቆፈረውንም ለጊዜ መተው ይቻላልን?

አይቻልም። አንደኛ፣ የተፈጥሮ ጊዜ ረጅም ሲሆን የሕፃኑ ዕድሜ አጭር ነው። ሁለተኛና ዋናው፣ እሳተ ገሞራ ባለዕዳ አይደለም። አያውቅም፤ አይጠየቅም። ሰው ግን አስቦ ይቆፍራል፤ ከቆፈረውም ይጠቀማል። ማወቅና መጠቀም ባለበት ሁሉ ዕዳ አለ።

ዕዳው ሊከፈል እንደሚችል ሥራ መስክሯል። በምሥራቅ ጀርመን በዜንፍተንበርግ ከተማ አጠገብ የነበረው የድንጋይ ከሰል ጕድጓድ ውሃ ተሞልቶ እ.ኤ.አ. በ1973 ለሠራተኛው ሕዝብ የመዋኛ ዳርቻ ሆነ። በጎረቤታችን በኬንያ፣ በሞምባሳ አጠገብ የሲሚንቶ ፋብሪካ አራቁቶ በተወው ካባ ላይ እ.ኤ.አ. ከ1971 ጀምሮ ሸውሸዌ ተተከለ። የረገፈው ቅጠል አልበሰብስ ቢል፣ ቅጠሉን በልተው ወደ አፈር እንዲለውጡት ሺሕ እግር የሚባሉት ትናንሽ ፍጡራን ተለቀቁበት። ደረቁ ዐለት ደን ሆነ፤ ከ1984 ጀምሮም ጎብኝ ገባበት።

«ሕዝቡ ዳቦ ሳይጠግብ መናፈሻ ምን ያደርግለታል?» የሚል ሊኖር ይችላል። ሐሳቡ ከቅንነት የመነጨ ቢሆንም ስሕተት አለበት። ድንጋይ ሲፈልጥ የዋለ ሰው የሚያርፍበት ጥላ ቅንጦት አይደለም። ልጁ ሳይፈራ የሚጫወትበት ሜዳ ደግሞ የሕይወት ጉዳይ ነው።

የበለጠ ሊያሠጋ የሚገባው ሌላ ነው። በአገራችን የማዕድን ሥራዎች አዋጅ ቁጥር 678/2002 ባለፈቃዱ የተጎዳውን አካባቢ መልሶ ለማቋቋም ገንዘብ እንዲመድብ ያስገድዳል። ገንዘብ መሬቱን ሊያስተካክል፣ ችግኝ ሊያስተክል ይችላል። በተተከለው ዛፍ ጥላ ሥር ማን ይቀመጣል? የሚለውን ግን ገንዘብ አይመልስም። ማሳው ለካባ የተወሰደበት ገበሬ፣ ቦታው ለምቶና አምሮ በታጠረ ጊዜ ከአጥሩ ውጭ ቆሞ የሚመለከት ከሆነ፣ ቦታው ከእጁ ሁለት ጊዜ ወጣ ማለት ነው፤ መጀመሪያ በዶማ፣ ቀጥሎ በአበባ። ውበት የበደል መሸፈኛ የሚሆነው እንዲህ ባለ ጊዜ ነው። ከያኒውም፣ መምህሩም፣ የሕዝብ ኃላፊውም የለማውን ቦታ ከማወደሳቸው በፊት ይህን መጠየቅ አለባቸው።

ስለዚህ የጕድጓድ ዕዳ የሚለካው በተሞላው አፈር ብዛት ብቻ አይደለም። ቀድሞ በዚያ መሬት ላይ ከብት ይጠብቅ የነበረው ልጅ ዛሬ ከበሩ ሳይመለስ ገብቶ ከዛፉ ሥር መቀመጥ ከቻለ፣ ዕዳው ተከፍሏል። ካልቻለ ግን፣ መሬቱ ቢያምርም ጕድጓዱ ገና አልተደፈነም።